ፍራንክፈርት ላይ የበቆሎ ቶርቲላ ፍለጋ፦ አንድ ጥያቄና 26 መልስ

ጥያቄውን በበይነ መረብ መድረክ ላይ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። መልሱ ከጠበቅኩት በላይ በዛ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ነገ ይህንኑ የሚፈልግ ሌላ ሰው አይጠፋም።

መነሻ ጥያቄ

ባለቤቴ ሜክሲኮአዊ ነው፤ ከፑዌብላ ከተማ አጠገብ ካለችው ከቾሉላ። ፍራንክፈርት ስንኖር 6 ዓመት ሆነን። እናቱ ባለፈው መጋቢት አረፉ፤ ለቀብሩ አልደረሰም። በእነሱ አገር ኖቬምበር 1 እና 2 የሙታን ቀን ነው። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ይዘጋጃል። የሟቹ ፎቶ፣ ሻማ፣ ብርቱካናማ አበባና በሕይወት ሳለ ይወደው የነበረው ምግብ ይቀመጥበታል። ለእኛ ሰው ሳስረዳ ተዝካርን ነው የማነሳው፤ አንድ ባይሆኑም ስሜቱ ይገባናል። የአማቴ ምግብ ሞሌ የሚባለው የደረቅ ቃሪያ ስጎ ነበር፣ ቶርቲላ የሚሉት ትኩስ ስስ የበቆሎ ቂጣ አጠገቡ። (ባለቤቴ ቶርቲያ ነው የሚለው። እኔ እንደለመድነው እጽፋለሁ።)

እዚህ ከተማ ግድግዳቸው ላይ ሰፊ ባርኔጣ የሰቀሉ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል። የሚያቀርቡት የስንዴ ቶርቲላ፣ የቆርቆሮ በቆሎ፣ ቀይ ቦሎቄና ቢጫ አይብ ነው። አንዱ ቤት ሞሌ ብሎ ያመጣልን የቲማቲም ስጎ ላይ የኮኮዋ ዱቄት የተነሰነሰበት ነበር። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ጎረሰና ሹካውን አስቀመጠ። ትክክለኛውን የበቆሎ ሊጥና ደረቅ ቃሪያዎቹን ከየት ላግኝ? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

መልሶቹ

1ኛ። ከዋሽንግተን የጻፈች እህት ናት። ነፍስ ይማር ብላ ጀመረች። ከዚያ በየሱፐርማርኬቱ በካርቶን የሚሸጥ የታኮ፣ ማለትም ሥጋ የሚደረግበት የታጠፈ ቶርቲላ፣ ጥቅል እንዳለ ነገረችኝ፤ ቅርፊቱም፣ ቅመሙም፣ ስጎውም አብሮ ይመጣል። ልጆቿ በጣም ይወዱታል። የመከረችኝ ከልቧ ነው፤ አመሰገንኳት።

2ኛ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሜክሲኮዎቹ ከፑዌብላና ከዋሃካ ሰዎች ጋር 11 ዓመት ወጥ ቤት የሠራ ወንድም ነው። 1ኛዋን በትህትና አረማት። በካርቶን የሚሸጠው፣ እንደ ብስኩት የሚሰበረው ቅርፊት አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋ ነገር መሆኑን ጻፈ። ከሙን የበዛበት የተፈጨ ሥጋና ቢጫ አይብም የቴክሳስ ወገን ነው። የስንዴ ቶርቲላን ግን ሐሰት ነው ብለን እንዳንጥለው አስጠነቀቀ። ሶኖራን በመሳሰሉ የሰሜን ግዛቶች የሕዝቡ የራሱ እንጀራ እሱ ነው። ለፑዌብላ ሴት ጠረጴዛ ግን በቆሎ ግድ ነው። ስለዚህ ማሳ ፈልጊ አለኝ። ስሙ ከእኛ የእርሻ ማሳ ጋር ቢገጥምም በእነሱ ቋንቋ ሊጥ ማለት ነው።

3ኛ። ከበርሊን። በላቲን አሜሪካ ሸቀጥ ሱቆች ደረቅ የሊጥ ዱቄት እንደሚገኝ ጠቆመኝ። ማሴካ የሚባለው በብዛት የሚታወቀው ነው። እርጥብ ሊጥ፣ የተጋገረ ቶርቲላና ደረቅ ነጭ በቆሎ በፖስታ የሚልክ ሱቅም ያውቃል። አድራሻውን በግል ላከልኝ።

4ኛ። ከአዲስ አበባ የጻፈ ወንድም። በቆሎ ዱቄት በቆሎ ዱቄት ነው፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ ሲል ጠየቀ። እናቱ የበቆሎ ቂጣ ሲጋግሩ ያደገ ሰው ነው። ጥያቄው የንቀት አልነበረም። እኔም ራሴ በመጀመሪያው ዓመት እንደዚያው አስቤ የሱቅ የበቆሎ ዱቄት አቡክቼ ነበር። ሊጡ አልያያዝ አለኝ። ምጣዱ ላይ ሳልጥለው እጄ ላይ ተሰነጣጠቀ።

5ኛ። ይህኛውን ረዘም አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ቁልፉ ያለው እዚህ ነው። የጻፈችው ስቶክሆልም የምትኖር የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። የ4ኛውን ጥያቄ ይዛ ተነሳች። ሜክሲኮዎች በቆሎውን ደረቁን አይፈጩትም። መጀመሪያ በኖራ ውሃ ይቀቅሉታል። ለ1 ኪሎ በቆሎ 10 ግራም ገደማ ኖራ ይበቃል። ከዚያ እዚያው ውሃ ውስጥ ያድራል። ሲነጋ ገለፈቱ በእጅ ሲታሽ ይላቀቃል። ታጥቦ፣ እርጥብ እንዳለ፣ በድንጋይ ወፍጮ በመጅ ይፈጫል። ድሮ ወፍጮው ልክ እንደ እኛ አያቶች ተንበርክከው የሚገፉት ነበር፤ ዛሬ በየሰፈሩ የሞተር ወፍጮ አለ። በዚህ መንገድ ያለፈው በቆሎ ኒክስታማል ይባላል። ቃሉ ከናዋትል፣ ከሜክሲኮ ነባር ቋንቋዎች ከአንዱ፣ የመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍሉ አመድ ማለት ነው። የእንጨት አመድም ይህንኑ ሥራ ይሠራልና።

ኖራው ገለፈቱን ይፈታል፣ ሊጡን ያያይዛል፣ ያንን የትኩስ ቶርቲላ ሽታ ያመጣል። ተራው የሱቅ በቆሎ ዱቄት በዚህ አላለፈም። ለዚያ ነው የሚሰነጣጠቀው።

ቀጥላ ስለ በሽታው ጻፈች። በቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን የሚባለው ቫይታሚን የታሰረ ነው፤ ሰውነት በደንብ አያገኘውም። ኖራው ይፈታዋል። አውሮፓውያን በቆሎውን ወስደው ይህን እውቀት ግን ትተው ሄዱ። ከዚያ በበቆሎ ብቻ የሚኖሩ ድሆች ቆዳቸው ይቆስል፣ ሆዳቸው ይበጠበጥ፣ አእምሯቸው ይታወክ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1735 ጋስፓር ካሳል የተባለ ሐኪም በሰሜን ስፔን ስለዚህ ሕመም ጻፈ። በኋላ ፔላግራ ተባለ። ሰሜን ጣሊያንን አጠቃ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የዩናይትድ ስቴትስን ደቡባዊ ግዛቶች። በሽታው ተላላፊ ሳይሆን የምግብ ጉድለት መሆኑን ያሳየው ጆሴፍ ጎልድበርገር ሥራውን የጀመረው በ1914 ነው። በቆሎውን በኖራ የሚያበስሉ የሜክሲኮ ገበሬዎች ግን ከዚህ መከራ ተጠብቀው ኖረዋል።

ይህን ሳነብ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ተረጎምኩለት። እናቱ ባልዲ ውስጥ በቆሎ ሲያሳድሩ እያየ ኖሮ፣ ለምን እንደሆነ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር።

6ኛ። አንድ መስመር። ሴትየዋ የጠየቀችው ሱቅ ነው፣ ይህ ሁሉ ትምህርት ምን ያደርግላታል የሚል።

7ኛ። የእኔ ነው። ለ6ኛው ትንሽ ቆጣ ብዬ መለስኩ። ሱቅ ብቻ ፈልጌ ቢሆን ካርታ ላይ እፈልግ ነበር። የስቶክሆልሟ እህት የሰጠችኝ ማንም ምግብ ቤት ያልነገረኝን ነው።

8ኛ። ሃምቡርግ ውስጥ ግንባታ ላይ የሚሠራ ወንድም፣ ኖራ ከሆነ የጎደለሽ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር በከረጢት ትገዢያለሽ አለኝ። በርካሽ ነው።

9ኛ። ይህን ጊዜ ክሩ ጋለ። ሙኒክ ያለች ፋርማሲስት 8ኛውን አንድም ቃል ሳታለሰልስ ተቆጣችው። የግንባታ ኖራ ለመብል አልተሠራም፤ ምን ቆሻሻ እንዳለበት ማንም አይመረምረውም። ያልበረደ ኖራ ከሆነ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ያቃጥላል። ለምግብ የሚሆነው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። አውሮፓ ውስጥ ማሸጊያው ላይ ኢ526 የሚል ቁጥር አለው። ሰው ልትገድል ነው ወይ እስከማለት ደረሰች። አነጋገሯ ከበደኝ። በነገሩ ግን ልክ ናት፤ ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ይህን ይያዝ።

10ኛ። 8ኛው ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። የመጀመሪያ መልሱንም አጠፋው። ሰው ፊት ስህተትን ማመን ቀላል አይደለም፤ አክብሬዋለሁ።

11ኛ። ከሂውስተን። በርበሬያችን ምን ጎደለው ብላ ጠየቀች። ቃሪያ ከሜክሲኮ ነው የመጣው ይባላል፣ ታዲያ የእኛው በርበሬ ሞሌ ውስጥ ቢገባ ወደ ዘመዱ መመለሱ ነው የሚል ሐሳብ ነበራት። አባባሏ ደስ አለኝ።

12ኛ። የሎስ አንጀለሱ ወንድም በዚህ አልተስማማም። በርበሬያችን ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላና ጥቁር አዝሙድ ገብቶበታል። ሞሌ ውስጥ ከገባ ሁሉን ይውጠዋል፤ ሳህኑ ወጥ ወጥ ይላል። የፑዌብላ ሞሌ መሠረት ሦስት ደረቅ ቃሪያ ነው፦ ሙላቶ፣ አንቾና ፓሲያ። አንቾ ፖብላኖ የሚባለው ቃሪያ ቀልቶ ሲደርቅ ነው፤ ዘቢብ ዘቢብ ይሸታል። ሙላቶ ጠቆር ያለ የእሱ ዘመድ ነው። ፓሲያ ረጅምና ጥቁር ነው፣ ትንሽ መረር ይላል። ሦስቱም የሚገቡት ለማቃጠል ሳይሆን ለመልክና ለጣዕም ነው። ዘይት ላይ ትንሽ ይጠበሳሉ፤ አንድ ሰከንድ ካለፋቸው ይመራሉ። ከዚያ ይነከራሉ፣ ከሰሊጥ፣ ከለውዝ፣ ከዘቢብ፣ ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከተጠበሰ ቶርቲላ ጋር ይፈጫሉ። ቸኮሌቱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ጥቂት። ሞሌ የቸኮሌት ስጎ ነው የሚሉ ሰዎች ያስቆጡታል። ትዕግሥቱን ከዶሮ ወጥ ሽንኩርት ማቁላላት ጋር አመሳሰለው፤ ያቻኮለው ሰው ያበላሸዋል።

አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ፑዌብላ ገበያ ውስጥ ሞሌ በተፈጨ መልክ፣ እንደ ወፍራም ሊጥ ሆኖ በኪሎ ይሸጣል። ውጭ አገር ያሉ ሜክሲኮዎች ዘመድ ሲመጣ በሻንጣ የሚያስመጡት ይህን ነው። እኛ በርበሬና ሽሮ እንደምናስመጣው ማለት ነው። ባለቤቴ የዚያኑ ምሽት እህቱ ጋ ደወለ።

13ኛ። እዚህ ላይ ወሬው ከምግቡ ወጣ። አንድ አባት ስለ ሜክሲኮ አደባባይ አነሱ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ወረራውን ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ እንደነበረች፣ አደባባዩም ለዚያ ውለታ የተሰየመ መሆኑን ለወጣቶቹ አስታወሱ።

14ኛ። ሌላ ሰው ቀጠለላቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ሜክሲኮን መጎብኘታቸውን፣ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥም ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ መኖሩን ጻፈ። የጣቢያው ምልክት የአንበሳ ራስ ነው። ባለቤቴ ተማሪ ሳለ በዚያ ጣቢያ ሲመላለስ አንበሳው ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። እኔም ሜክሲኮ ታክሲ ስይዝ ስለ ሜክሲኮ አስቤ አላውቅም።

15ኛ። ስለ ምግብ ነው የምናወራው ወይስ ስለ ታሪክ የሚል ሰው መጣ። 13ኛውን አባት እንዲህ ባይናገራቸው ጥሩ ነበር።

16ኛ። ከቴል አቪቭ። አቮካዶ እንደ ልብ ነው፤ የሚጠፋው ቶማቲዮ ነው አለች። ቶማቲዮ በስስ ቅርፊት የተሸፈነ አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ ሳልሳ የሚባለው አረንጓዴ የሜክሲኮ ስጎ የሚሠራው ከእሱ ነው። ያልበሰለ አረንጓዴ ቲማቲም አይተካውም። ዘር አስመጥታ በረንዳዋ ላይ ተከለች። አበባው ብዙ ነበር፤ አንድም ፍሬ አላየችም።

17ኛ። ፋርማሲስቷ መለሰችላት፤ በዚህኛው መልሷ ለስለስ ብላለች። ቶማቲዮ ብቻውን አያፈራም። የራሱ አበባ ብናኝ ለራሱ አይሆነውም፤ ቢያንስ ሁለት ተክል ጎን ለጎን ያስፈልጋል። የቴል አቪቯ እህት ሁለተኛ ማሰሮ አዘጋጀች።

18ኛ። ክሩን ለሁለት የከፈለው ይህ ነው። አንድ ወንድም እውነተኛ ምግብ የሚባል ነገር የለም ሲል ጻፈ። ማስረጃው ቀላል አልነበረም። ሜክሲኮዎች ዛሬ የሚኮሩበት ታኮስ አል ፓስቶር ከሊባኖስ ስደተኞች ሻዋርማ የተወለደ ነው፤ በጉ በአሳማ ተተካ እንጂ። ሞሌው ውስጥ ያለው ሰሊጥ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ከስፔኖች ጋር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ታዲያ ፍራንክፈርት ላይ ቢጫ አይብ ቢገባበት ምን ነውር አለው? በመጨረሻም ወደ እኛ ዞረ። ሩዝ ዱቄት የተቀላቀለበት እንጀራ እየበላን ለሜክሲኮ ምግብ ዳኛ መሆናችን አናደደው።

19ኛ። ሚኒያፖሊስ ያለች እህት ተነሳችበት። እንጀራውን በሩዝና በስንዴ ዱቄት የቀላቀልነው ፈልገን ሳይሆን አጥተን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲከለከል ያየነውን ችግር ረስተኸዋል ወይ አለችው። እናቷ ንጹሕ ጤፍ ያገኙ ቀን ማልቀሳቸውን ጻፈች። ያጣ ሰው የሚያደርገውን፣ የሚገኝ ነገር እያለ በርካሹ ለመሸጥ ከሚደረገው ጋር አታምታታ ስትል ዘጋች። ከዚያ በኋላ ጥቂት የማይደገሙ ቃላት ተለዋወጡ፤ አልፋቸዋለሁ።

20ኛ። የሎስ አንጀለሱ ወንድም ገባና አበረደው። አል ፓስቶርን የፈጠሩት ሰዎች ሥጋውን ቀየሩ፣ ቶርቲላውን ግን አልነኩም አለ። ታኮ ያሰኘው ከሥሩ ያለው በቆሎ ነው። እኔ ከዚህ ሰው ጋር ነኝ። 18ኛው ስለ ታሪኩ ልክ ነው። የተለወጠው ምግብ ግን የተለወጠው ጣዕሙን በሚያውቁ እጆች ነው። የኮኮዋ ዱቄቱን ስጎ ላይ የነሰነሰው ሰው ሞሌ ቀምሶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

21ኛ። አንዱ ደግሞ ሜክሲኮዎቹ ራሳቸው መች ይስማማሉ አለ። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኬሳዲያ (ታጥፎ የሚጋገር ቶርቲላ) አይብ ሳይኖርበትም ኬሳዲያ ነው፤ ሌላው አገር ደግሞ ስሙ ራሱ አይብ ይላል እያለ ይሞግታል። ባለቤቴን ጠየቅኩት። አይብ የሌለበት ኬሳዲያ የለም አለኝ፤ ያውም ድምፁን ከፍ አድርጎ።

22ኛ። ማይንስ ያለች እህት፣ ለጤፍና ለሽሮ የምትጠቀምበት የኤሌክትሪክ ድንጋይ ወፍጮ እንዳላት፣ ቅዳሜ ብመጣ እንደምትፈጭልኝ ጻፈች። ሰው በማያውቀው ሰው እንዲህ ሲራራ ማየት ልብ ይነካል።

23ኛ። የስቶክሆልሟ እህት ሮጣ አስቆመችን። የደረቅ እህል ወፍጮ እርጥብ በቆሎ ከገባበት ድንጋዩ ይደፈናል፤ ወፍጮው ይበላሻል። ለእርጥብ የሚሆነው በእጅ የሚዞረው፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚታሰረው የብረት ወፍጮ ነው። የማይንሷ እህት እሱንም ፈልጋ ከኮሎምቢያዊት ጎረቤቷ ተዋሰችልኝ።

24ኛ። የእኔ፤ ኖቬምበር 3 ቀን የጻፍኩት። ከበርሊን 2 ኪሎ ነጭ በቆሎ አዘዝን። ኢ526 ያለበት ኖራ ገዛን። ሐሙስ ማታ 40 ደቂቃ ቀቅለን አሳደርነው። አርብ ባለቤቴ ወፍጮውን አዞረ፤ ሁለት ጊዜ ማሳለፍ ነበረብን፤ ክንዱ ዛለ። ሊጡ ሻካራ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቶርቲላዎች ተቀደዱ፤ ውሃው አንሶን ነበር። ውሃ ስንጨምርበት ታዘዘልን። የብረት ምጣዳችን በደንብ ጋለ። እሱ የቾሉላው ሸክላ ምጣድ በኖራ ውሃ እንደሚቀባ ነገረኝ፤ እኔም የእናቴ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሽ ነገርኩት። ሰባተኛው ቶርቲላ ሁለተኛ ሲገለበጥ መሐሉ እንደ ፊኛ ተነፋ። ባለቤቴ ያንን በጨርቅ ጠቅልሎ ለብቻው አስቀመጠው። ሞሌው እህቱ ለመንገደኛ ሰጥታ የላከችው ነው፤ በሾርባ አቀጠንነው። ለሞሌው የሚሆን የቱርክ ዶሮ አልተገኘም፣ ተራ ዶሮ አደረግን። ማታ ሻማው ሲበራ ፎቶው ፊት የተቀመጠው ሰባተኛው ነበር። እሱ እናቱን በስማቸው እየጠራ ብዙ አወራላቸው። እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

25ኛ። የአዲስ አበባው ወንድም፣ 4ኛው፣ ተመልሶ መጣ። ነጭ በቆሎ በደጁ ነው፤ እኛ በፖስታ ያስመጣነው እሱ ጋ በኩንታል ይሸጣል። ለእናቱ ሊሞክርላቸው ነው። ጥያቄው ስለ ሰዓቱ ነበር። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር አልፎ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ፣ እህሉ ግን ቶሎ ስለማይበስል፣ የጀርመኑን 40 ደቂቃ እንዳለ ይውሰደው ወይ?

26ኛ። መልሱን የሰጠው ባለቤቴ ነው፤ እኔ ጻፍኩለት። ቾሉላም ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የእናቱ ወጥ ቤት ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም ነበር። እሳቸው ሰዓት አያዩም። ከድስቱ አንድ ፍሬ ያወጡና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያሹታል። ገለፈቱ ከተንሸራተተ ይወርዳል። ካልተንሸራተተ ይቆያል።